ስምንት ሜትር ስኩዌር

የትርጉም ቤቷ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ማንኛውንም ሰነድ በፍጥነትና በጥራት እንተረጉማለን» ይላል። ከተለጠፈ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎታል። «እንተረጉማለን» የተባለው ለወጉ ነው እንጂ ያኔም ሆነ አሁን ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ፍጥነቱም ቢሆን ከጉልበቷ ጋር አብሮ ሄዷል። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ያለችው ክፍሏ ጋ ለመድረስ አሥራ ዘጠኝ የብረት ደረጃ መውጣት አለባት፤ አሥረኛው ላይ ስትደርስ ቆም ትልና የሆነ ነገር የጠፋባት ይመስል ቦርሳዋን ትፈትሻለች። የጠፋባት ዕቃ የለም። ትንፋሿን ነው የምትፈልገው።

የአካባቢው ሰው «እትዬ ማህተም» ይላታል። ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሦስቱን የሰው ልደት፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው ውክልና፣ የሰው ሞት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትገለብጥ ነው ያሳለፈችው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቶባታል። ደንበኞቿ ሰነዳቸውን በስልካቸው አስተርጉመው ይመጡና «ሥራው አልቋል፣ እርስዎ ማህተሟን ብቻ ጠብ ያድርጉልን» ይሏታል። እሺ ብላ ስታነበው «ውክልና» መባል ያለበት «የጠበቃ ጉልበት» ተብሎ ታገኘዋለች። እሱን ማቃናት ከዜሮ ከመጀመር ይብሳል። ይህን ለማስረዳት አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ማን ይሰማታል?

ድካሟ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚያነሳው ዓይነት አልነበረም። ሲነጋ አብሯት ይነሳል፣ አብሯት ደረጃውን ይወጣል፣ ወንበሩም ላይ ከእሷ ቀድሞ ይቀመጣል።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ የግራ እጃቸው አመልካች ጣት ጫፉ ተቆርጧል፤ ኮታቸው ትከሻ ላይ ሰጋቱራ አለ። በዓይን ታውቃቸዋለች። ከዋናው መንገድ ዳር፣ አንድ ግድግዳ ጥግ በተለጠፈች ጠባብ ቤት ወንበርና ቁም ሳጥን የሚሠሩት አናጢ ናቸው። አንድ ሚሊ ሜትር ስለማያሳልፉ ሰዉ «ጋሽ ሚሊ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ረጅም ሳንቃ ሲልጉ ግማሹ በመስኮት ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ ይዘጋል። ትዕግሥት ያለው ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ የቸኮለው እየተሳደበ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል።

«ደህና ዋሉ እትዬ።»

«ደህና ዋሉ። ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጡና ከኮታቸው ውስጥ ኪስ አንድ ጥቅል አወጡ። ላስቲኩን ፈቱ፤ ከላስቲኩ ሥር ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ሥር ደግሞ ሌላ ላስቲክ። መጨረሻ ላይ ሁለት ወረቀት ወጣ። አንዱ ወደ ቢጫነት ያደላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፣ ሌላው የእሱ አማርኛ ትርጉም።

«ይዞታ ጽሕፈት ቤት አዲስ ምዝገባ ነው ብሎ አምጡ አምጡ እያለ ነው። የድሮ ትርጉም አይሠራም፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ አዲስ አሠርተህ ና አሉኝ። ዛሬ ሃያ ሁለተኛው ቀን ነው።»

«ምነው እስካሁን ቆዩ?»

«ሥራ ነዋ።» ላስቲኩን መልሰው አጠፉት። «እውነቱን ልንገርዎት? ይህን ወረቀት ማየት አልወድም።»

ትርጉሙን ገልብጣ ከግርጌው ስታይ የራሷን ፊርማና ማህተም አገኘች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተሠራ ነው።

«የኔ እጅ ነው'ኮ!»

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት። ያኔ ጸጉርዎ ጥቁር ነበር።»

«ኧረ እርስዎም አፈኛ ነዎት ለካ» አለችና ሁለቱም ፈገግ አሉ። «ምን አስጠላዎት ወረቀቱ?»

አናጢው ደብዳቤውን በተቆረጠው ጣታቸው ጫፍ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት፣ ትኩስ ነገር እንደሚገፋ ሰው።

የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር አሏት። ባለቤቱ የውጭ ሰው ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ «ሚስተር» ነበር የሚለው። እሳቸው ሃያ ስምንት ዓመት የሚስተር ዋና አናጢ ሆነው ሠርተዋል። ሚስተር ታመመና ፋብሪካውን ሊዘጋ ሆነ። ከመሄዱ በፊት ለሁሉም የሆነ ነገር ሰጠ።

«ለጥበቃው ብስክሌቱን፣ ለጸሐፊዋ የጽሕፈት መኪናውን። እኔን ጠርቶ ‹ከግቢው በምሥራቅ በኩል ቦታ ሰጥቼሃለሁ፣ የራስህን ቤት ክፈትበት› ብሎ ይህን ደብዳቤ በእጄ ሰጠኝ። ደስታዬን አይጠይቁኝ። እሱን ሸኝቼ፣ እርስዎ ዘንድ አስተርጉሜ፣ ይዞታ ቢሮ ወሰድኩት። መጥተው ለኩ። ስምንት ካሬ ሜትር። ሁለት በአራት! የዶሮ ቤት'ኮ ነው እትዬ። የሥራ ጠረጴዛዬን ሳስገባ እኔ ውጭ ቀረሁ።»

«ምናልባት...» አለች፤ አናጢው ግን አላስጨረሷትም።

«ከአገሩ ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ። ፖስታውን እንኳን አልከፈትኩም። ኮላ የማሞቅበት እሳት ውስጥ ከተትኩት፤ ሁለቱንም። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ስበላ ስጠጣ ኖሬ የዶሮ ቤት ለሰጠኝ ሰው ምን ብዬ ልመልስ? በኋላ ሞተ ብለው መጥተው ነገሩኝ። ማልቀስ እምቢ አለኝ።» ተነሡ። «ሐሙስ ይደርሳል?»

«ይደርሳል ጋሼ።»

እሳቸው ሲወርዱ የብረቱ ደረጃ አንድ በአንድ ሲጮኽ ሰማች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ሥራ ጀመረች። ጀመረች ከማለት የድሮውን ትርጉም ዘርግታ መገልበጥ ጀመረች ማለት ይሻላል። የራሷ ሥራ ነው፤ ምኑ ይጣራል? ደክሟት በነበረበት በዚያ ሰዓት ይህን የመሰለ ቀላል ሥራ መምጣቱ እንደ ስጦታ ነበር። ቀኑን ጻፈች፣ ሰላምታውን ጻፈች፣ «ለረጅም ጊዜ በታማኝነት ስላገለገለኝ» የሚለውን ጻፈች። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እጇ አማርኛውን ሲገለብጥ ዓይኗ ሳታዘው ወደ እንግሊዝኛው ሸሸ።

«ኤይት ሚተርስ ስኩዌር» ይላል።

ጣቶቿ ቆሙ። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገች። ቃሉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ስኩዌር» ከ«ሜትር» በፊት ቢመጣ ኖሮ ስምንት ካሬ ሜትር ማለት ነበር፣ ልክ እሷ እንደጻፈችው። ሚስተር ግን ያስቀመጠው ከሜትር በኋላ ነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ጎኑ ስምንት ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ማለት ነው። ስምንት በስምንት። ስድሳ አራት ካሬ ሜትር።

ሰውዬው የሰጠው ስድሳ አራት ነው። ስምንት ያደረገችው እሷ ናት።

የዚያን ዓመት መዝገቧን ከመደርደሪያው አውርዳ ገለጠች። በዚያ ቀን አሥራ አራት ሰነድ ተርጉማለች። ወሩን ስታይ ደግሞ ባሏ ሆስፒታል የተኛበት ወር ነው፤ ማታ ማታ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እያደረች ጠዋት ወደዚህ የምትመጣበት፣ ኋላም እሱን የቀበረችበት ወር። የአናጢውን ደብዳቤ መተርጎሟን ለማስታወስ ሞከረች። አንዳች ነገር አልመጣላትም። ስህተቱን ስትሠራ እንኳን እዚያ አልነበረችም ማለት ይቻላል።

ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተያያዘውን ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረደች። «ስኩዌር» የሚለው ቃል አንድ ገጽ ተኩል ይዟል። ተመራማሪ ሆና አይደለም ያነበበችው። ከብዙዎቹ ትርጉሞች አንዱ ሥር የምትደበቅበት ቦታ ቢገኝ ብላ ነው።

ቃሉ ብዙ ነገር ነበር። ከተማ መሃል ሰው የሚሰበሰብበት አደባባይ ነው። በራሱ የተባዛ ቁጥር ነው። ድሮ ወታደሮች ጠላት በአራቱም ወገን ሲመጣባቸው የሚሠሩት አሰላለፍ ነው። ማጭበርበር የሌለበት ግልጽ አሠራር ነው። ጠግቦ የሚያስነሳ ምግብ ነው። ዘመኑ ያለፈበት፣ ደረቅ፣ አዲስ ነገር የማይገባው ሰውም ስኩዌር ይባላል። «ይቺስ እኔ ነኝ» አለች ብቻዋን፣ ድምጿ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆኖባት።

ከሁሉ የገረማት ግን የቃሉ መነሻ ነው። እሷ ቃሉ መጀመሪያ የቅርጹ ስም ነው ብላ ታስብ ነበር። ለካ እንግሊዞቹ ቃሉን መጀመሪያ የጻፉት የአናጢ መሣሪያ ለመጥራት ኖሯል፤ ያን የዘጠና ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ፣ ሁለት ክንፍ ያለውን መሣሪያ። ቅርጹ በዚህ ስም የተጠራው በኋላ ነው። ቃሉን የወሰዱት ከጥንት ፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ከላቲን፣ ላቲኑ ደግሞ «አራት» ከሚለው ቁጥር። ጣሊያኖች ከዚያው ምንጭ ቀድተው መሣሪያውን ስኳድራ አሉት። ስኳድራ! በየእንጨት ቤቱ ሲጠራ የምትሰማው ስም። «ካሬ» ብላ የጻፈችው ቃልም ከዚያው ግንድ ወጥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ትክክሉም ስህተቱም የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ተገኙ።

እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስምንት ሜትር ስኩዌርን ስምንት ካሬ የሚያደርግላት መስመር ግን አልነበረም።

ወደ ቤት ስትገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ልጇ የሂሳብ መምህርት ናት፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ቆልላ ታርማለች። አብረው ነው የሚኖሩት።

«እማዬ ፊትሽ አመድ መስሏል። በላሽ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስምንት ሜትር ስኩዌርና ስምንት ስኩዌር ሜትር ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ልጅቷ ቀና ሳትል «ሃምሳ ስድስት» አለች። «በየዓመቱ ፈተና ላይ አወጣታለሁ፣ በየዓመቱ ግማሽ ክፍሉ ይሳሳትባታል። ምነው?»

ነገረቻት። ስትጨርስ ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ስምንት እጥፍ ነው እኮ የቀነስሽባቸው እማዬ!»

«አውቃለሁ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያውቁት?»

«በምን ያውቃሉ? እንግሊዝኛ አያነቡ። እኔን አምነው።»

ልጇ ተነሥታ ውሃ ቀዳችላትና አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስል፣ «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አለቻት።

«ምን አደርጋለሁ?»

«ስሚኝ። አሁን ብትናገሪ ፈቃድሽን ይቀሙሻል። ግቢውን በሙሉ ሌላ ሰው ይዞታል፣ ቦታው አይመለስላቸውም። ለእሳቸው የማይጠቅም፣ አንቺን የሚገድል ነገር ነው። የድሮውን ገልብጠሽ ስጫቸው። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ ደክሞሻል! አንድ ዓመት ቀርቶሻል'ኮ እማዬ፤ አንድ ዓመት ብቻ ሠርተሽ ትዘጊዋለሽ ተባብለን።»

እናትየው ውሃውን ጠጣች። ልጇ የምትለው ሁሉ እውነት መሆኑ ነበር ያስቸገራት። ብትዋሽ ኖሮ መቆጣት ይቀላት ነበር። ርዕሱን ለመቀየር ይሁን ለሌላ ነገር፣ «ካድሬ የሚለው ቃልም ከዚሁ ከአራት ማዕዘን የመጣ መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«ካድሬም?»

«ፈረንሳዮቹ ክፈፍ ማለታቸው ነበር። የሥዕል ክፈፍ።»

ልጅቷ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። «ለዚህ ነዋ ከክፈፉ የማይወጡት!» አለች። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ፤ የእናቷን እጅ ያዘች። «ልትናገሪ ነው አይደል?»

«መሰለኝ።»

ሐሙስን አልጠበቀችም። በማግሥቱ ትርጉም ቤቷን ሳትከፍት በቀጥታ ወደ አናጢው ሄደች። ቤቱን ከውጭ አይታው እንጂ ገብታበት አታውቅም። ገባሁ ለማለትም አይመችም፤ በሩ ላይ ስትቆም ፊቷ ከጀርባው ግድግዳ ጋር ሊላተም ምንም አልቀረውም። የሥራ ጠረጴዛው አንዱን ጎን ጨርሶታል። መጋዙ፣ መላጊያው፣ መዶሻው ሁሉ ጣሪያው ድረስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኮላው በቆርቆሮ ውስጥ ይንተከተካል። አናጢው በጎን እየተራመዱ ነበር የሚሠሩት፤ ፊት ለፊት ለመዞር ቦታ የለም። አሥራ አንድ ዓመት በጎን ሲራመዱ ዳሌያቸውም እንደዚያው ተጣሞ ቀርቶ እንደሆነ አሰበችና ወዲያው ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

አንድ የወንበር እግር ላይ ስኳድራቸውን አስደግፈው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ።

«እትዬ! ደረሰ እንዴ? ራስዎ ይዘውልኝ መጡ?»

«አልደረሰም ጋሼ። የምነግርዎት ነገር አለ። ቁጭ ይበሉ።»

«መቀመጫ ብሠራም መቀመጫ ቦታ የለኝም። ቆሜ ልስማ።»

እሷም ቆማ ነገረቻቸው። አላድበሰበሰችም፤ ባሏንም፣ ሆስፒታሉንም፣ አሥራ አራቱንም ሰነድ አላነሣችም። «ሚስተር የሰጠዎት ስምንት ሜትር በስምንት ሜትር ነው። ስምንት ካሬ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች።

አናጢው አልገባቸውም። ደገመችላቸው። በመጨረሻ የወደቀ የእርሳስ ቁራጭ አንሥታ አንድ ጣውላ ላይ ሥላ አሳየቻቸው፤ አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ትንሽዬ ቁራጭ። መስመሩ ጠመመ። እሳቸው ስኳድራውን አንሥተው በጠመመው መስመር ላይ አስደግፈው አቃኑት። የልማድ ነገር ነው፤ እጃቸው ያደረገውን ልባቸው ያወቀው አይመስልም።

«እንግዲያው አልናቀኝም?» አሉ።

«ማን?»

«ሚስተር ነዋ። አልናቀኝም ማለት ነው?»

«አልናቁዎትም ጋሼ። ከግቢው ጥሩውን ጥግ ነው የሰጡዎት።»

አናጢው ጣውላውን አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ ደስታም ቁጣም አልነበረም፤ ዝም ብሎ ባዶ ሆነ። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ፣ ጠረጴዛውን ተደገፉ። ኮላው እየገነፈለ ነበር፤ እሳቱን የሚቀንስ አልነበረም።

«ደብዳቤዎቹን አቃጠልኳቸው» አሉ። «ሁለቱንም። ‹ሥራህ እንዴት ሆነ፣ ቦታውስ ተመቸህ› ብሎ ይሆናል'ኮ የጻፈው። መልሴን እየጠበቀ ይሆናል የሞተው።»

«ጋሼ...»

«እትዬ፣ አሁን ይሂዱልኝ።»

«ይቅርታ...»

«ይሂዱልኝ አልኩ። ክፉ ቃል ከአፌ ሳይወጣ ይሂዱ።»

ሄደች። የዚያን ቀን ትርጉም ቤቷ ደረጃ አሥረኛው ላይ ቆማ ብዙ ቆየች፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ወጥታ «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» እስክትላት ድረስ።

ሐሙስ አናጢው አልመጡም። ዓርብ አልመጡም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ፤ ሳይቀመጡ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ትክክለኛውን ይጻፉልኝ። ሰኞ አብረን ሄደን ራስዎ ያስረዱ» አሉ። ጻፈችው። ከሥሩም በሌላ ወረቀት የድሮው ትርጉም የተሳሳተ መሆኑን፣ ስህተቱም የራሷ መሆኑን ጽፋ ፈረመች።

ይዞታ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ወረፋ ያዙ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልተነጋገሩም። አንዴ ብቻ አናጢው ወንበሩን በእጃቸው ወዘወዝ አደረጉትና «ይህን የሠራው ማነው? እግሩ አልተቃናም» ብለው አጉረመረሙ፤ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም።

ኃላፊዋ ገና ሠላሳም ያልሞላት፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ፋይሉ ከራሷ በላይ ተከምሯል። ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው።

«ስህተቱን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ደረሰበት?»

«እኔው ነኝ።»

ኃላፊዋ ቀና ብላ አየቻት። «ፈቃድዎ እንደሚነካ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«በዚህ ወንበር ላይ አራት ዓመቴ ነው» አለች ኃላፊዋ፣ ፋይሉን እየዘጋች። «‹እኔ ነኝ› ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም። እስቲ ባለሙያ ልላክና ይለካ።»

ነገሩ እንዲህ ሆኖ አለቀ። ባለሙያዎቹ መጥተው ለኩ። በምሥራቅ በኩል የሲሚንቶ መጋዘን ግንብ ተሠርቷል፤ ግንቡን ማፍረስ አይቻልም ተባለ። ከግንቡ ወዲህ የዛገ ብረትና ቆሻሻ የተጣለበት ክፍት መሬት ግን ለማንም አልተመራም ነበር። እሱ ተጨመረላቸው። አምስት በስምንት፣ አርባ ካሬ ሜትር ሆነ። ስድሳ አራት አልሆነም። አናጢው ሲነገራቸው «ይሁን» ብለው ፈረሙ፤ ከዚያ ቤታቸው ሄደው ሁለት ቀን ተኙ ይባላል። የእሷ ፈቃድ ደግሞ ለስድስት ወር ታገደ። ልጇ ስትሰማ ሳትቆጣ «በቃ፣ ተኚ» አለቻት። የመጀመሪያውን ሳምንት በእርግጥም ተኛች፤ ቀን ሳይቀር። ስትነቃ ግን ድካሙ እዚያው ነበር፤ ትንሽ ቀለል ከማለቱ በቀር።

በሁለተኛው ወር አናጢው ቤቷ ድረስ መጡ። ልጇ በር ከፍታ ስታያቸው ደነገጠች፤ ለጠብ የመጡ መስሏት። እሳቸው ግን በእጃቸው አንድ ፖስታ ይዘው ነበር፤ ባዶ።

«ሚስተር ዘመድ ይኖረዋል» አሉ፣ ለመቀመጥ ወንበሩን በዓይናቸው እየመረመሩ። «የፋብሪካው ጸሐፊ የቤቱን አድራሻ አስቀምጣ ኖሯል። በእንግሊዝኛ ይጻፉልኝ። ቦታው እንደደረሰኝ፣ ደብዳቤውን ሳላነብ እንዳቃጠልኩ፣ ለምን እንዳቃጠልኩ። ሳይሸፋፍኑ ይጻፉ።»

«ታግጃለሁ'ኮ ጋሼ።»

«ደብዳቤ ማህተም ያስፈልገዋል እንዴ?»

ጻፈችላቸው። ስትጽፍ ልጇ ሻይ አቀረበች፤ አናጢው ጠጡ። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆመው «ማጠፊያው ላልቷል፣ አንድ ቀን መጥቼ አጠብቀዋለሁ» አሉ።

መልስ እስኪመጣ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ፈጀ። መልሱ የመጣው ከሚስተር የወንድም ልጅ ነበር። አናጢው ፖስታውን ሳይከፍቱ ይዘውት መጡ፤ እሷ ከፍታ አነበበችላቸው። ሴትየዋ አጎቷ ስለ አናጢው ሲያወራ ሰምታ እንደማታውቅ ጽፋለች። ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም ትላለች፤ እሱ ሲሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች። ስለተቃጠሉት ደብዳቤዎች የምታውቀው ነገር የለም፣ አዝናለሁ አለች። መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ነበር፤ እሱን ተርጓሚዋ ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። «አጎቴን በደንብ የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ካልከበደዎት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይንገሩኝ።»

አናጢው ባዶውን ፖስታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ስለ እኔ ለማንም አልተናገረም ማለት ነው» አሉ።

«ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበሩም ብላለች'ኮ።»

«አዎ፣ እሱስ እውነት ነው። አፉ ከባድ ነበር።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ወረቀት አለዎት?»

ልጇ ከምታርመው ቁልል አጠገብ ባዶ ወረቀት አንሥታ ሰጠቻት። ተርጓሚዋ መነጽሯን አደረገች።

«ቀስ ብለው ይንገሩኝ ጋሼ፣ እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም።»

«እኔስ መቼ እፈጥናለሁ? እንግዲህ ይጻፉ። አጎትሽ ሲስቅ ድምፅ አልነበረውም። ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። መጀመሪያ የተቀጠርኩ ቀን ያለቀሰ መስሎኝ ሮጬ ውሃ አመጣሁለት። እሱ ለካ በእኔ ነበር የሚስቀው፤ መላጊያውን ገልብጬ ይዤ። ጻፉት?»

«ትከሻው ብቻ፣ አሉ?»

«ትከሻው ብቻ» አሉ አናጢው፣ ጸጥ ብለው እያለቀሱ፤ «ይቺን ቃል በደንብ አድርገው ይጻፉልኝ።»